ድምፄን የነፈግሁህ ቀን

ውድ ኦስቫልዶ፣

ይህ ደብዳቤ ሳንቲያጎ እስኪደርስህ ውሳኔውን ሰምተኸዋል። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ዲን ራሳቸው እንደሚደውሉልህ ነግረውኛል፤ ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ያመለከትክበት ቦታ ለሲክስታ ካይዋራ ተሰጥቷል። የምርጫ ኮሚቴው አባላት አምስት ሆነን ነበር የተቀመጥነው። ሁለቱ አንተን አሉ፣ ሁለቱ እሷን አሉ፣ ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። እሷን ያልኩት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ስትናደድ መስኮት እንደምትከፍት አውቃለሁ። ክፈተውና ትንሽ ንፋስ አግኝተህ ተመለስ። የቀረውን ተቀምጠህ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

ከኪስካማዩ፣ ከዚያ የገጠር ሆስፒታል፣ ልጀምር። ከዚያ በፊት የሕክምና ትምህርት ቤት ሳለን ማን ምን አስተማረን? ከሁለት መቶ በላይ ሆነን አንድ አዳራሽ ውስጥ ተፋፍገን፣ መምህሩ ከቢጫ ወረቀት የሚያነቡትን እንገለብጥ ነበር። ሆስፒታል ስንወሰድ ፕሮፌሰሩ ከአልጋው ራስጌ ይቆማሉ፣ ረዳቶቻቸው ከጎናቸው፣ የረዳቶቹ ወዳጆች ከኋላ፣ እኛ በሩ ላይ። አንተ ረጅም ስለሆንክ የበሽተኛው ግንባር ይታይህ ነበር። እኔ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። አንድ ቀን ተንጠራርቼ «ጉበቱ ምን ያህል አብጧል?» ብልህ፣ «ጉበቱን ተይው፣ ሰውዬው ራሰ በራ ነው» አልከኝ። ስስቅ ከክፍሉ አስወጡኝ። አንተ ግን ፊትህን ኮስተር አድርገህ እዚያው ቀረህ።

እንደዚያ ተምረን ነው ለገጠር አገልግሎት ኪስካማዩ የተላክነው። አንተ የክፍሉ አንደኛ፣ እኔ ከአንተ እምብዛም ሳልርቅ። ቤኒታን ልታስታውሳት እንደማትፈልግ አውቃለሁ፤ እኔም አልፈልግም ነበር። ልጇ በሰላም ተወለደ፣ አለቀሰ፣ ደስ አለን። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ደሙ መፍሰስ ሲጀምር አንተ ምን መደረግ እንዳለበት ድምፅህን ከፍ አድርገህ ማነብነብ ጀመርክ፤ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኘህበት ጥያቄ ነበር። እኔ ጓንት አጥልቄ ቆሜያለሁ። እጅን አስገብቶ ማውጣት እንደሚያስፈልግ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እጁ የት ድረስ እንደሚገባ፣ ምን ሲነካ ምን እንደሚመስል ግን አንዳችንም አናውቅም። ባሏ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ በኬቹዋ ይጠይቀናል። ሁለታችንም ያደግንበት ቤት ያንን ቋንቋ ለገበያ እንጂ ለልጅ አይናገርም ነበር፤ ምን እንደሚለን እንኳ አልገባንም።

በድንች መጫኛው መኪና ወደ ከተማ ይዘናት ወጣን። ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላ እያለ፣ ኮረብታው አናት ላይ ቤኒታ እጇ በእጅህ እንዳለ አረፈች። ባሏ መኪናውን አስቆመና በተሰባበረ ስፓኒሽ፣

«ሁለታችሁ ዶክተር አይደላችሁም እንዴ?» አለን።

ቢሰድበን ይቀለን ነበር። ሰውዬው ግን አልተቆጣም። እውነቱን ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀን።

የዚያን ቀን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን «ተማርን እንጂ ማንም አላስተማረንም» አልክ። ከዚያ ተነስተህ ሱሪህን አራገፍክና «ከዚህ በኋላ ከዚያ ትምህርት ቤት እንደኛ ሆኖ የሚወጣ ሰው ሊኖር አይገባም» አልክ። እኔ ያፈቀርኩህ ያኔ ይመስለኛል። በእንዲህ ያለ ቀን ፍቅር ማውራት ነውር ስለመሰለኝ ዝም አልኩ። ዝምታው ልማድ ሆነብኝ።

ተመልሰን ጀማሪ መምህራን ስንሆን ያደረግነውን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። ተማሪዎቹን ከሁለተኛ ዓመት ጀምረን በትንሽ በትንሽ ቡድን ወደ ኪስካማዩ መውሰድ፣ ከበሽተኛ ጋር ማዋል፣ ኬቹዋ ማስተማር። እያንዳንዱን ተማሪ የበሽተኛ ልብስ አልብሰህ፣ ግማሽ ቀን አልጋ ላይ አስተኝተህ፣ ማንም እንዳያናግረው ታደርግ ነበር። አንድ የሀብታም ነጋዴ ልጅ እንኳ «ዶክተር፣ ለምን እንደተኛሁ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ልሞት ነበር!» ብሎ ሲነሳ፣ «በል እንግዲህ፣ ግማሹን ትምህርት ጨረስክ» አልከው።

ሲክስታም ከእነዚያ መካከል ነበረች። ወላጆቿ ድንች ቸርቻሪዎች ነበሩ። ስፓኒሽ ስትናገር «ኢ»ን ከ«ኤ» ስለምትቀላቅል ክፍሉ ይስቅባት ነበርና አፏን መክፈት ትታለች። እግራቸው ያበጠውን ሽማግሌ፣ ታታ ፌርሚንን፣ አንተ ስትመረምር እኛ ከበናችኋል።

«ያምዎታል?» ትላለህ።

«አዎ።»

«አያምዎትም ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«አዎ፣ አዎ።»

ድምፅህን ከፍ አድርገህ ደገምከው። አሁንም አዎ። ከዚያ ዞር ብለህ ሲክስታን «አንቺ ነይ። ዛሬ አንቺ ጠይቂ፣ እኔ ተማሪ ነኝ» አልካት። ፊቷ ቀላ። ጎንበስ ብላ በኬቹዋ ስታናግራቸው ሽማግሌው ቀና ብለው ረጅም ነገር አወሩ።

«እሺ፣ ምን አሉ?» አልካት።

«ስለ እግራቸው አይደለም፣ ዶክተር…»

«ስለ ምን ነው ታዲያ?»

«ይሄ ረጅሙ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኽብኝ? ደንቆሮ መሰልኩት እንዴ? ነው የሚሉት።»

እየሳቅህ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥክ። ቀጥላ ክኒኑን ለምን እንዳቆሙት ነገረችን፦ ሽንት ያበዛባቸዋል፣ ሊሸኑ ሲወጡ ደግሞ የጎረቤት ውሻ ይነክሳቸዋል። አንተ ተነስተህ መጀመሪያ ከጎረቤትየው ጋር ስለ ውሻው ተነጋገርክ። ያንን የመሰለ የሕክምና ትምህርት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሲክስታም ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ጀመረች፤ «ኢ» እና «ኤ» እንደተቀላቀሉ።

ከዚያ የመምህራኑ ጉባኤ መጣ። ፕሮፌሰር ባልዲቪዬሶ ተነስተው «እኛ ሐኪም ነው የምናፈራው ወይስ የመንደር አዋላጅ?» አሉ። አንተ «አዋላጇ ቢያንስ እጇ የት እንደሚገባ ታውቃለች» አልካቸው። እኔ ብቻ ነኝ ስለ ማን እንደምትናገር የገባኝ። ተሸነፍን። ፕሮግራሙ ተዘጋ። ተማሪዎቹ ወደ ገልባጭነታቸው ተመለሱ። አንተ ለሳምንታት ሰው አላናገርክም፤ ከሳንቲያጎ ጥሪ ሲመጣልህ አልገረመኝም።

አውቶቡስ ተራው ላይ ይዘንብ ነበር። «ነይ» አልከኝ። ከዚያ ደገምከው። «እዚያ ማስተማር ይቻላል፣ ዴልፊ። እዚህ ለግድግዳ ነው የምናስተምረው።»

«እነሲክስታስ?»

«ተማሪ የሌለበት አገር የለም።»

እውነትህን ነበር። እኔም እውነቴን ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ከመካከላችን አንዳችን ተሳስተን ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኝቻለሁ፤ የሚወቀስ ሰው ቢኖር ይቀል ነበር። «አትሂድ» ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብልህ እንደምትቀር አውቅ ነበር፤ ቀርተህ ደግሞ ቀስ በቀስ እንዳትጠላኝ ፈራሁ። ስለዚህ «ጃንጥላህን ረስተሃል» አልኩህ። የመለያያ ቃሌ ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ቃል ይናገራል፤ እኔ ስለ ጃንጥላ ተናገርኩ።

መጀመሪያ ብዙ ጻፍክልኝ፣ ከዚያ ለአዲስ ዓመት ብቻ፣ ከዚያ ማግባትህን ሰማሁ። ደስ ይበልህ ብዬ ጻፍኩ። ግማሹ ከልቤ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ መፋታታችሁን ስሰማ ግን ምንም አልጻፍኩም። እኔ ደግሞ ፈቃደኛ የሆኑትን ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ መኪናዬ እየጫንኩ ኪስካማዩ እወስድ ነበር። ማንም አልከለከለኝ፣ ማንም አላገዘኝም። ሲክስታ ተመርቃ እዚያው ሄደች፤ ከተማ ሥራ ስፈልግላት «እኔ ምን በወጣኝ!» ብላ ሳቀችብኝ። ቅዳሜዎቹን ከእጄ ወስዳ አሳደገቻቸው። ባልዲቪዬሶ አረፉ፣ ሌሎቹ ጡረታ ወጡ፣ አዲሱ ዲን መጡ። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ በመጨረሻ ያንን የተጣለ ነገር ከመሬት አነሳው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በወረዳ ሆስፒታል ከበሽተኛ ጋር ይማራል ተባለ። ፕሮግራሙን የሚመራ ሰው ተፈለገ። ከአመልካቾቹ መካከል ስምህን ሳይ ተነስቼ የቢሮዬን በር ዘጋሁ።

መጣህ። ፀጉርህ ነጭ ሆኗል፤ ያምርብሃል። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ እያየ አቅፈኸኝ «አሁንም አጭር ነሽ?» አልክ። እንደ ልጃገረድ ደነገጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

እንደምታውቀው እያንዳንዱ አመልካች ከማያውቃቸው ተማሪዎች ጋር አንድ ጠዋት አልጋ ዳር እንዲያስተምር ነበር የተወሰነው። አንተ የልብ በር የጠበባት ሴት ደረሰችህ። ኦስቫልዶ፣ ድንቅ ነበርክ። የልቧን ምት በጣትህ የአልጋው ብረት ላይ እየመታህ አሰማሃቸው፤ በሽታው ሲብስ ምቱ እንዴት እንደሚለወጥ ከበሮ እንደሚመታ ሰው አሳየሃቸው። ለሴትዮዋም በኬቹዋ ሰላምታ ሰጠሃት፣ ፈገግ አለችልህ። ሲያልቅ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ እስኪቃጠል።

ከዚያ ኮሪደሩ ላይ አንዷን ተማሪ፣ አቢጋይልን፣ ያዝኳት።

«ምን ተማርሽ?»

«ዶክተር፣ እኚህ ሰውዬ ጉድ ናቸው! እኔ እንደሳቸው ነው መሆን የምፈልገው!»

«ሴትዮዋስ?»

«የትኛዋ ሴትዮ?» አለችኝ።

በማግስቱ ተራው የሲክስታ ነበር። ተማሪዎቹ እነዚያው ናቸው፣ በሽተኛዋ ግን ሌላ፣ ጠና ያሉ ሸማኔ። ትምህርቱ እያነከሰ ሄደ። ሲክስታ ከሁሉም ዝምተኛ ለሆነው ልጅ ለኤሊያስ ማዳመጫውን ሰጥታ ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ደረታቸው ላይ ሲያሳርፈው ሴትየዋ «ኡይ! ልጄ፣ መጀመሪያ አሙቀው እንጂ፣ እኔ ዓሣ ነኝ?» አሉት። ተሳቀ። ከኮሚቴው አንዱ ሰዓቱን አየ። ኤሊያስ የሚለው ጠፍቶት «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብሎ ጠየቀ፣ ሴትየዋ ማልቀስ ጀመሩ። ሴት ልጃቸውን በቅርቡ ነው የቀበሩት።

ልጁ ደርቆ ሲክስታን አያት፤ አውጪኝ የሚል ዓይን ነበር። እኔ ብሆን አወጣው ነበር። አንተም ብትሆን፣ አንድ ጥሩ ቃል ተናግረህ ሁላችንንም ታወጣን ነበር። ሲክስታ ግን «አጠገባቸው ተቀመጥ» ብቻ አለችው። ተቀመጠ። ቆየ። ሴትየዋ እንባቸውን ጠርገው ራሳቸው ማውራት ጀመሩ፤ ከቀብሩ ወዲህ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ቁጭ ብለው እንደሚያድሩ፣ ሐዘን ነው ብለው ለማንም እንዳልተናገሩ።

ኤሊያስ ቀስ ብሎ «ሐዘን ብቻ አይመስለኝም» አለ። «ሳንባቸው ውኃ የቋጠረ ይመስለኛል። ልባቸው ደክሟል።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው ሲክስታ።

«አይደለሁም።»

«እኔም አይደለሁም። እስቲ አብረን እንስማው።»

ተነስታ ከጎኑ ቆመች። ሰሙት።

ማንም አላጨበጨበም። ኮሪደሩ ላይ አቢጋይልን ደግሜ ያዝኳት። የሴትየዋን ስም፣ መንደራቸውን፣ የሞተችውን ልጃቸውን ስም፣ ሲተኙ ምን እንደሚሰማቸው፣ ነገ ደግሞ ምን ልትጠይቃቸው እንዳሰበች አንድ ባንድ ነገረችኝ። «ዶክተር ሲክስታስ?» አልኳት። ግራ ገባት። «ዶክተር ሲክስታማ ምንም አላሉም እኮ» አለችኝ።

እዚያች ኮሪደር ላይ ነው የወሰንኩት። ከአንተ ጋር የነበሩ ጊዜ አንተን ተማሩ፤ ከእሷ ጋር ግን ሴትየዋን ተማሩ። ይህን ልዩነት እንዳይ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በሽማግሌው አልጋ አጠገብ «እኔ ተማሪ ነኝ» ያለው ሰው ቢመጣ ኖሮ ድምፄን ሳላመነታ እሰጠው ነበር። የመጣው ሌላ ሰው ነው፤ የበለጠ የተማረ፣ የበለጠ የተከበረ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሲጨበጨብለት የኖረ። አልወቅስህም። እዚህ ማንም ስላላጨበጨበልህ ነው የሄድከው።

ከዚያ ያ ምሳ። ገበያው ውስጥ የሚሸጠውን የለውዝ ሾርባ ካልበላሁ አልክ። ተራህን ስትጠብቅ የሾርባ ቤቱ ባለቤት «ልጅዬ፣ ቸኩለሃል!» ስትልህ እንደ ልጅ ሳቅክ። ከዚያ እጅህን እጄ ላይ አድርገህ «ዴልፊ፣ ልመለስ ነው። ለሥራው ብቻ አይደለም» አልክ። ድምፅ የምንሰጠው በማግስቱ ነበር፤ እስከዚያ ለአመልካች ትንፍሽ ላንል ተማምለናል። ላንተ ግን ዝምታዬ ደስታ መሰለህ። «ሾርባው ቀዘቀዘ» አልኩህ። ሌላ አዘዝክልኝ። መንገድ ላይ እያፏጨህ ነበር የሄድከው። ከኋላህ ቆሜ እስክትታጠፍ አየሁህ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አሳዝኖኝ አያውቅም፤ አንተም፣ እኔም።

ድምፅ ስሰጥ «ኦስቫልዶ ባይኖር ሲክስታ አትኖርም ነበር» አልኩ፤ ከዚያ ስሟን ጠራሁ። ስንወጣ ዲኑ «እኛ እኮ ለእሳቸው የሚሰጡ መስሎን ነበር» አሉኝ። «እኔም መስሎኝ ነበር» አልኳቸው።

በምርጫው አልተጸጸትኩም። የሚቆጨኝ ሌላው ነው። ካልጠፋ ጊዜ ዘንድሮ መምጣትህ። ያንን ሁሉ ዓመት አንተ እዚያ እኔ እዚህ መሆናችን፤ አብረን ብንሆን ኖሮ አንተም ከቅዳሜዎቹ ጋር ባረጀህ፣ ሲክስታና አንተ ለአንድ ቦታ ባልተወዳደራችሁ። በዝናቡ ቀን የዋጥኩትን ብናገር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ተጣልተን እንለያይ ነበር። እሱም ቢሆን አልደረሰኝም።

ለሲክስታ ስንነግራት ወደ ግቢው ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። የመጀመሪያ ቃሏ «ዶክተር ኦስቫልዶስ?» ነበር። «የሳቸውን ወንበር እኔ እንዴት እቀመጥበታለሁ?» አለች። «ኪስካማዩ ምን ወንበር አለ፣ በርጩማ ነው ያለው» አልኳት። ሳቀች፣ እንደገና አለቀሰች። ከዚያ አንድ ነገር ለመነችኝ፤ በየዓመቱ በጋው ሲገባ መጥተህ ተማሪዎቹን የልብ ድምፅ እንድታስተምርላት። ጣቶችህን የሚተካ ሰው የለም አለች።

«አልጽፍለትም፣ ይሰድበናል» አልኳት።

«ይስደበን!» አለች። «ብቻ ይምጣ።»

ይኸው ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሰኞ ዕለት ሄደዋል፤ እነአቢጋይል፣ እነኤሊያስ። የእኛ በጋ ሰኔ ላይ ስለሚገባ መንገዱ ያኔ ይደርቃል። መኝታው ከተማሪዎቹ ጋር ነው፣ ጣራው ያፈሳል፣ የምታዝህም ሲክስታ ናት። ይህን ሁሉ አስበህ እምቢ ብትል እረዳሃለሁ። ለሥራው ና አልልህም፣ ሥራው ሰው አግኝቷል። ለእኔ ና ለማለት ደግሞ ከዚያ ምሳ በኋላ በምን ፊቴ? ለልጆቹ ና። ከእነሱ ጋር ስትውል በሩ ላይ ቆሜ እሰማሃለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅም።

ኦስቫልዶ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የነፈግሁህ፤ እሱም ድምፄን።

ያንተው፣
ዴልፊና